ጋሼ ያልጨረሱት ገጽ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ እኔ ቁልፍ እየተከልኩላቸው፣ ሜክሲኮ አካባቢ ልብስ ሲሰፉ ይውሉ ነበር። ማታ ቤታቸው በልጅ ልጅ ጫጫታ ይሞላል። ስለዚህ የሚያነቡት የልደታን ታክሲ ተሰልፈን ስንጠብቅ ብቻ ነበር። በንባብ ተመስጠው ሰልፉ ሲሄድ አያዩም፤ ሰው ሰተት ብሎ ፊታቸው ይገባል።

«አንተ! ተራ ጠብቅ!» ብዬ አስወጣዋለሁ።

«ምነው እህቴ፣ አንድ ገጽ ሊጨምርልኝ ነበር እኮ!» ይሉኛል።

አርባቸውን ካወጣን በኋላ ብቻዬን ተሰለፍኩ። አንዱ ፊቴ ገባ። ልጮህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የገጹን ጫፍ አጥፈው የተዉትን መጽሐፋቸውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ስለማነብ የአንድ ሰው ተራ አልበቃኝም።

«እናንተም እለፉ» አልኳቸው ከኋላዬ ያሉትን። «ጋሼ ገጻቸውን አልጨረሱም።»