አዳዳ ሹሙ ሜዳ የገባች ዕለት

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ዋንጫ የለበትም፤ ስመ ጥር ተጫዋችም የለበትም። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚተው ለይቼ አላውቅም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በግቢያችን ሜዳ ሁለት ተጫዋቾች አንገት ለአንገት ተያያዙ። ጓደኞቻቸው ገቡበት፤ ጥበቃዎችም ዱላ ይዘው ሮጡ። ሰው ሁሉ ወደ ፀቡ ሲያይ እኔ የሜዳውን ዳርቻ እቃኝ ነበር።

"ማንን ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ የዶርም ጓደኛዬ።

"የምትነሳ ሴት ካለች ብዬ ነው" አልኳት። አልገባትም። ማታ ቁጭ ብዬ የነገርኳትን እነሆ እዚህም እጽፈዋለሁ።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በአይሱዙ ስንዴ እያመላለሰ የሚኖር የአሰላ ሾፌር ነው። ታናሽ ወንድሙ ጀማል ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። እናታቸው የሞተችው ጀማል ገና ጡት ሳይጥል ስለነበር ያሳደገችው ታላቅ እህታቸው ሹሙ ናት። እኛ ልጆች የአባትን እህት "አዳዳ" ነው የምንለው። አዳዳ ሹሙ ከከተማው በላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ባለ ቀበሌ ገብስና ስንዴ እያረሰች ትኖራለች።

በዚያ የመኸር ወቅት አንድ አሠልጣኝ ከአዳማ መጥቶ ጀማል ሲጫወት አይቶት ኖሯል። "ከሁሩታ ልጆች ጋር በምትገጥሙበት እሑድ ተመልሼ እመጣለሁ፤ እንደዛሬው ከሆንክ ይዤህ እሄዳለሁ" አለው። ጀማል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ሆኖም አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ያሳደገው ሳይመርቀው ሩቅ መንገድ አይወጣም።

"አዳዳ ሳትመርቀኝ እግሬ ከአሰላ አይወጣም" ይል ነበር።

አባቴ ሊለምናት ሄደ። የተመለሰው አንድ ቃል ይዞ ነው፤ "ያላየሁትን ነገር አልመርቅም ብላለች።"

ስለዚህ ልታይ መጣች። እሑድ ጠዋት ጋሪው በራችን ላይ ሲቆም በአንድ እጇ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ፣ በሌላው ሲንቄዋን ይዛ ወረደች። ሲንቄ አንዲት ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። አይመቱባትም፣ ከብት አይነዱባትም። ወንዶች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ ግን ፀቡ እዚያው ይቆማል። ይህን ያኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም ነበር።

አባቴ ሳቀ። "እህቴ፣ ኳስ ልናይ እኮ ነው። እሱ ምን ያደርግልሻል?"

"ወንዶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ሊገጥሙ ነው አላልከኝም?"

"ብያለሁ፣ ግን..."

"ታዲያ ሲንቄዬን ትቼ የት ነው የምሄደው?"

ጀማል ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል "ተዋት ባክህ፤ ዳኛው መስመር የሚያሰምርበት ካጣ ታውሰዋለች" አለ። አዳዳ ጀርባውን በመዳፏ ቸብ አደረገችው።

ወደ ሜዳው በእግር ሄድን። ነፋሱ ከጭላሎ ቁልቁል እየነፈሰ የአጨዳውን ገለባ በአስፋልቱ ላይ ይነዳው ነበር። መንገድ ዳር የቆመ ኮምባይነር አልፈን፣ ሸንኮራ የሚቆርጡ ሴቶችን አልፈን፣ አንድ ጠባብ በር ገባን። ከዚያ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። በጎሉ ጀርባ ተራራው ቁጭ ብሏል፤ ከተራራው በታች የሰው ተራራ አለ። ሕዝቡ ሲጮኽ ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ውስጥ ነው። የአባቴን ኮት ጨበጥኩ።

ጀማል ሲወጣ አላወቅሁትም። ቤት ውስጥ ውሃ ቅዳ ሲሉት የሚያንቀላፋው ጀማል ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ትልቅ ነው፤ ሁሉም ስሙን ይጠራል። ስሙ የእኛ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበርና ገረመኝ።

አዳዳ ጥያቄ አላቆመችም። "ያ ጥቁር የለበሰው የማን ወገን ነው?"

"የማንም አይደለም፤ ዳኛ ነው" አላት አባቴ።

"ዳኛ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል እንጂ አብሮ ይሮጣል?"

ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰዎች በሳቅ ወደቁ። ቆይቶ ግን ጀማል ኳሱን እየነዳ በአጠገባችን ሲያልፍ መጠየቋን ተወች። "ልጅ ሆኖ የጠፋ ፈረስ ሲያባርር እንዲህ ነበር የሚሮጠው" አለች፣ ለራሷ ያህል። አባቴ ጎሸም አደረገኝ። ልትመርቀው ነው ማለቱ ነበር።

አንድ ለአንድ እንደሆኑ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጀማል ወደ ጎሉ ሲገባ አንድ የሁሩታ ተከላካይ ከኋላ መታው። ዳኛው ነፋ፤ ፍጹም ቅጣት ምት። አሠልጣኙ ከመቀመጫው ተነሳ። ጀማል ኳሱን አንስቶ ነጩ ነጥብ ላይ አስቀመጠ።

ያኔ የሁሩታ ልጆች ዳኛውን ከበቡት፤ የእኛዎቹ ገፏቸው፤ አንዱ ቡጢ ሰነዘረ። በአንድ አፍታ ሜዳው ፀብ በፀብ ሆነ። ከሕዝቡም ድንጋይ የሚያነሳ አየሁ። አባቴ እኔን ሲያቅፍ አዳዳ ከአጠገባችን የለችም። እልል እያለች ወደ ሜዳው ገብታለች። አረማመዷ የተረጋጋ ነው፤ ሲንቄዋን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ሸንኮራ የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን ጥለው ከኋላዋ ተከተሉ። ቆሎ ሻጮቹም ተነሱ። ማንም አልጠራቸውም።

በፀቡ መካከል ገብታ ቆመች። በመጀመሪያ እጁን ያወረደው የሁሩታው አምበል ነው። ማልያው ተቀድዶ፣ አፍንጫው እየደማ፣ እንደ ሕፃን ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ የእኛዎቹ። ልማዱን የማያውቁ የከተማ ልጆች እንኳ ሌሎቹን አይተው ቆሙ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። የሸራ ድንኳን በነፋስ ሲርገበገብ ብቻ ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ዳኛው ጠጋ አለና "እማማ፣ እናመሰግናለን። አሁን ይውጡልን፤ የቀረች ምት አለች" አላት።

"ምን ዓይነት ምት?"

"ቅጣት ነው። ሁሩታዎች አጥፍተዋል።"

"ሳይታረቁ ቅጣት አለ እንዴ? መጀመሪያ እርቅ፣ ከዚያ ካሣ። ዛሬ አይሆንም።"

ዳኛው ከሕዝቡ ፊት ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲንቄ የቆመችበት ነገር በዚያው ቀን አይቀጥልም። ጀማል ብቻ ከኳሱ አጠገብ አልተነቃነቀም።

"አዳዳ፣ ጎሏ የእኔ ነበረች" አላት።

"ጥርስህ በአፍህ ይቆይ እንጂ ጎሉ የትም አይሄድም።"

አሠልጣኙ ግን ሄደ። የአዳማ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ተጣድፎ ሲወጣ አይተነዋል። ጀማል በዚያ ምሽት ምግብ አልቀመሰም። አዳዳ ምን እንዳስቀረችበት የነገራት አባቴ ነው። ሲንቄዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና "ሰውዬውን ባውቀውም እገባ ነበር" አለች። ድምጿ ግን ተሰብሮ ነበር።

የሁለቱ ከተማ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ልጆቹን አስታረቁ። ቅጣት ምቷም ትመታ ተባለ፤ የቀረችውም ደቂቃ ትጠናቀቅ። በቀጠሮው ቀን ለአንዲት ምት ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሕዝብ ወጣ። አሠልጣኙ አልመጣም። ጀማል ኳሱን ሲያስቀምጥ ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ ወደ እኛ ዞሮ ጠበቀ። አዳዳ ገባች። በመጀመሪያ ጀማልን "አግባ" ብላ መረቀችው፤ ከዚያ ወደ ሁሩታው በረኛ ሄዳ እሱንም "ያዝ" ብላ መረቀች። እርቅ ከወረደ በኋላ አንዱን ወገን ብቻ መመረቅ ነውር ነው። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ጀማል መታ። በረኛው ተወርውሮ ያዘ።

ጀማል ለቅጽበት ሰማዩን አየ። ከዚያ ሄደና በረኛውን እጁን ይዞ ከመሬት አነሳው፤ አቧራውንም አራገፈለት። አዳዳ ያንን አየች። "አሁን አይቻለሁ፤ ሂድ" አለችውና እዚያው ሜዳው መካከል ሁለተኛ መረቀችው፤ የመንገዱን።

በማግስቱ ራሱ አዳማ ሄዶ አሠልጣኙን ፈለገው። ሁለት ክረምት ያህል ተጫውቶ ጉልበቱን ታመመና ተመለሰ። ዛሬ አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ቤት አለው። ስለዚያች ምት ስጠይቀው "በረኛውን የመረቀችበት ኦሮምኛ ከእኔው ስለሚያምር ነው" ይለኛል። ግን ደግሞ ሥራውን ያቆምና "አዳማ ላይ ስንት ጎል አግብቻለሁ፤ አንዱንም እንደዚያች አላስታውስም" ይላል።

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨዋታ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ያሰኘው ጉልበት ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አልመረመርኩትም፤ ስለ እሱ ሳስብ አሁንም ኮት የምጨብጥ ይመስለኛል። ሰዎች ያን ጨዋታ ሲያነሱ የተቋረጠበትን እሑድ ነው የሚቆጥሩት። በእኛ ቤት ግን ያለቀው ጀማል በረኛውን ከመሬት ባነሳበት ቀን ነው፤ በገና ማግስት፣ ታኅሣሥ ሠላሳ።