ያልበላሁት ዶሮ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናቴ እንኳ። ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ቄስ አታልያለሁ። ያታለልኳቸውም ንስሐ የገባሁ መስዬ ነው።

አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሰውን ከእንስሳ ምን ይለየዋል እያለ ይከራከር ነበር። መልሱ ቀይ ሽፋን ባላት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ሥራ! ጦጣ እጇን ለሥራ ብታነሳ ሰው ሆነች። እኔ ግጥም የምቸከችክ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ጎረምሳ፣ ይህን ወደድኩት። እናቴ ግን «ሰው የእግዚአብሔር አምሳል ነው፤ ካላመንክ አባ ተክሌን ጠይቅ» ትለኛለች። አባ ተክሌ ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ መሃል የሚኖሩ የንስሐ አባታችን ናቸው። ለምን እጠይቃለሁ? ሳይንስ ይፈትናል እንጂ! ያልሠራሁትን ኃጢአት እናዘዛለሁ፤ መንፈስ የሚባል ነገር ካለ ውሸቴን ያውቁብኛል፤ ካላወቁ ክርክሩ አለቀ።

ወጥቼ ተንበረከክኩ።

«አባ፣ በሁዳዴ ዶሮ በላሁ።»

«ሙሉውን?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «ሙሉውን» አልኩ።

«ብቻህን! በል ሆድህን ይማረው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ እንድሰግድ አዘዙኝ። «አይክበድህ ልጄ፣ ግማሹን እኔ እይዝልሃለሁ።»

አላወቁም! እያፏጨሁ ወረድኩ። ለክበቡ የማነበውን የፌዝ ግጥም መንገድ ላይ ጨረስኩት። ስግደቱንስ? ላልበላሁት ዶሮ? አንድም ቀን አልሰገድኩም።

በሳምንቱ መጨረሻ እናቴ ዳቦ አስይዛ ላከችኝ። አባን ከጎጇቸው ጀርባ አገኘኋቸው። ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሲነሱ የባሕር ዛፉን ግንድ ይዘው ነው፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያዩኝ ሳቃቸው መጣ።

«አንተ! ምን ዓይነት ዶሮ ነው የበላኸው? ወገቤን ቆረጠው እኮ! አንተስ፣ እየሰገድክ ነው?»

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን «አዎ አባ» አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ሙከራ ልበለው፤ ይህኛውን ምን ልበለው? እሳቸው እንዳያዝኑ ነው የዋሸሁት? አይደለም፤ እኔ እንዳላፍር ነው። መረቁኝ። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወረድኩ።

ግጥሙን አላነበብኩትም። ጦጣ ዘመዴ መሆኗን ዛሬም አልክድም፤ እንደሷ ያለ አሳቂ ዘመድ ማን ይጠላል? ሳይንሱም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባ ውሸት ያውቃሉ ወይ ብዬ ልፈትን ሄጄ፣ በሰው ጥፋት የሚወድቁ የሚነሱ ሽማግሌ አየሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ፍጥረት አላውቅም። ያን እያየሁ ነው ደግሜ የዋሸሁት።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ አባ ዛሬም እዚያው ዳገት ላይ ናቸው፤ ብነግራቸው እንደማይቆጡ አውቃለሁ። ይስቃሉ፤ ለውሸቱም ቀኖና ይሰጡኛል፤ ግማሹንም እንደልማዳቸው ለራሳቸው ያደርጉታል። እስካሁን ዝም ያልኩት ለጉልበታቸው አዝኜ ነው ብላችሁ አትመኑኝ፤ ፈርቼ ነው። ከትናንት ጀምሮ ግን የኔንም የሳቸውንም ድርሻ እየሰገድኩ ነው። ስጨርስ ዳገቱን እወጣለሁ፤ የሚካፈሉኝን ሳላስተርፍላቸው።