የቢቸናው ይበልጣል ወይስ የሞጣው?

ኤዲያ! የዚያን ሮክ ባንድ ስም በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬን እደፍናለሁ። ባንዱ ምንም አላደረገኝም። ያንገሸገሹኝ አድናቂዎቹ ናቸው።

ሞጣ ተመድቤ ስሠራ ምሳ የምንበላው በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ነበር። እዚያ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የሞጣ ተወላጅ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሌላው የጉንደ ወይን ልጅ ሆኖ ቢቸና የተማረ የግዥ ሠራተኛ። ባንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደጀን ተነስቶ ቢቸናንም ሞጣንም አዳርሶ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ታዲያ ሽሮው ገና ሳይቀርብ "የእኛ ከተማ ዝግጅት ይበልጣል፣ የእኛ ይበልጣል" ይጀምራሉ። ሞጣ ላይ ጊታር መቺው ጊታሩን በጥርሱ ተጫውቷል ይላል አንዱ። ቢቸና ላይ ዘፋኙ ሸሚዙን ቀዶ ወርውሮልናል ይላል ሌላው። በላብ የራሰ ሸሚዝ! ቁራጩን ሳያጥበው ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ኖሮ አንድ ቀን ይዞት መጥቶ ከእንጀራው አጠገብ ዘረጋው። ቱ! የዚያን ዕለት ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

እሱስ ይሁን። የማልችለው የአዝማሪውን ነገር ሲያነሱ ነው።

ቢቸና ላይ ዝግጅቱ የነበረው ኳስ ሜዳው ላይ ነው፤ እኔም ነበርኩ። ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ሕዝቡ ማፏጨት ሲጀምር አዘጋጆቹ የከተማውን አዝማሪ ከነማሲንቆው መድረክ ላይ አወጡት። ያ አዝማሪ አባቴ ነው። አዝማሪ ግጥም ሲሰጡት ተቀብሎ መዝፈን ግዴታው ነው፤ ያሞግስም ያዋርድም። "ይኸንንስ አልልም" ካለ ከዚያ ወዲያ ሠርግ የሚጠራው የለም። በዚያ ሰሞን እናቴ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ኮብልላ ደጀን ገብታ ነበር። ከፊት ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ "ተቀበል!" አለና ያንኑ፣ የእናቴን ስም ጠርቶ፣ በሁለት ስንኝ ገጥሞ ሰጠው። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም። አባቴ ማሲንቆውን ቃኘ። ከዚያ ተቀበለ። ድገመው አሉት፣ ደገመው። ሦስት ጊዜ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ አይደል? የገዛ ሚስቱን በገዛ አፉ አሰደቡት፣ ሜዳው በሳቅ ተናጋ፣ ጄኔሬተሩም ተነሳ።

አባቴ ቤት ገብቶ ማሲንቆውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ተኛ። እኔም ነገሩን አላነሳሁበትም። በእኛ አገር "የአዝማሪ ልጅ" ስድብ ነው፤ ሞጣ ስገባ "አባትሽ ምን ይሠራሉ?" ሲሉኝ "ገበሬ ናቸው" አልኩ። ከዚያ በኋላ በየምሳው ተቀምጬ የአባቴን ውርደት እንደ ቀልድ ሲቀባበሉት መስማት ሆነ ሥራዬ። እርር ድብን እላለሁ፣ እንጀራዬን እቆርሳለሁ።

አንድ ዓርብ ክርክሩ ጦፈ። የሞጣው ሰውዬ፣ "እንዲህ ያለ አዝማሪም አልነበረም፤ ስትሸነፉ ጊዜ የፈጠራችሁት ወሬ ነው" አለ። የግዥ ሠራተኛው ሊያሳምነው ግጥሙን ጀመረ፤ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋበት። አናቱን እያከከ ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ፣ አንቺ የቢቸና ልጅ ነሽ፤ እዚያም ነበርሽ። እስቲ በይለት፣ ምን ነበር የሚለው?"

ገበታው ላይ ያለ ሁሉ እጁን ሰብስቦ አየኝ። "ሰውዬው አባቴ ነው፤ ሁለተኛ እንዳታነሱት" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ሰኞ ጠዋት በየቢሮው ሲንሾካሾኩብኝ ታየኝና መልሼ ዋጥኩት።

ሁለቱንም ስንኝ፣ የእናቴን ስም እንኳ ሳልዘል፣ ጥርት አድርጌ አልኩላቸው። በሳቅ ፈነዱ። ያ ሸሚዝ አምላኪ "አላልኳችሁም!" እያለ ጠረጴዛውን ደበደበው። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።