ሂና የተቀባንበት የሐያት እህት ሰርግ

ልጅ ሳለሁ የምማረው ከዚራ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። እኔ፣ ሐያትና ማርታ አንድ ዴስክ ላይ ተጣብበን የምንቀመጥ፣ በጸሎት ሰዓት የምንስቅ፣ ቀሚሳችንን ከተፈቀደው በላይ የምናሳጥር ጓደኛሞች ነበርን። ሲስተሮቹ በየስማችን መጥራት ሰልችቷቸው «ሦስቱ» ይሉን ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የሐያት ታላቅ እህት ተዳረች። ሙሽራዋ ሂና የምትቀባበት ቀን ከትምህርት ቤቱ በዓል ጋር ገጠመ፤ ለበዓሉ እንግዶች የምንዘምረው ደግሞ እኛ ነበርን። ሐያት ፈቃድ ጠይቃ ተከለከለች።

«አቦ፣ ያለችኝ አንድ እህት ናት። እሄዳለሁ» አለችን።

ብቻዋን አልተውናትም። ከምሳ በኋላ በጓሮ በኩል አጥሩን ዘለልን፤ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በእግራችን አቋርጠን ሰርግ ቤት ገባን። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ፣ እየሳቁ፣ እጃችንን ይዘው ሂና ቀቡን። ያኔ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መግለጽ ያቅተኛል። ልንመለስ ስንነሳ ግን ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶት ነበር፤ በድልድዩ ዞረን ትምህርት ቤት ስንደርስ የበዓሉ እንግዶች ሄደው ነበር።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ እጃችንን እንድንዘረጋ አዘዙን። ሂናው ሁሉን ተናገረ።

«ይህን ያሰበች አንዲት ናት» አሉ። «እስከ ዓርብ ከነገራችሁኝ የምትባረረው እሷ ብቻ ናት፤ ካልነገራችሁኝ ሦስታችሁም።»

የሐያት አባት ልጁን እዚያ ለማስገባት ከዘመድ ሁሉ ጋር ተከራክሮ ነበር። ከወጣች ዘመዶቹ ሌላ ትምህርት ቤት እንድትገባ እንደማይፈቅዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እስከዚያው ቅጣታችን ከትምህርት በኋላ ዓይናቸው የደከመውን አሮጊቷን ሲስተር አጋታን ማገዝ ሆነ። ክፍላቸው ከግቢው ጥግ፣ ከኒም ዛፎች ሥር ነበር። ሲመሽ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖሱን እንለኩሳለን፤ ለትንኝ ብለው የኒም ቅጠል በትንሽ ፍም ላይ ይጥላሉ፤ መራራው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን ተረት ይነግሩናል። ምን አጥፍተን እንደመጣን አንድም ቀን አልጠየቁንም።

ሐሙስ ዕለት እናታቸው ሩቅ ስለሄደችባቸው ሦስት እህትማማቾች ነገሩን። ጅብ መጥቶ በር ላይ ቆመና «ታላቋን ብቻ ስጡኝ፣ ሌሎቹን እተዋለሁ» አላቸው። አንደኛዋ «ታላቋ እኔ ነኝ» ስትል፣ ሁለተኛዋም «የለም፣ እኔ ነኝ» አለች፤ ሦስተኛዋም እንዲሁ። ጅቡ የትኛዋን እንደሚወስድ ሲያመነታ ጎህ ቀደደበት።

«ሲስተር፣ ሦስቱንም ቢበላቸውስ?» አለች ማርታ።

«ያም ይሆናል፣ ልጄ» አሉ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «እኔ የሰማሁት ግን እንዲህ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሯ ፊት ስንቆም ሐያት አፏን ሳትከፍት ማርታ «እኔ ነኝ» አለች። እኔም «እኔ ነኝ» አልኩ። ሐያት እያለቀሰች «ይዋሻሉ፣ እኔ ነኝ» አለች። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ትምህርት እስኪዘጋ ግቢውን ትጠርጋላችሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስታችሁም። አሁን ውጡልኝ።»

ሲስተር አጋታን የማገዙ ቅጣት በዚያው ቀን አበቃ። ሰኞ ማታ ግን ሳንነጋገር ሦስታችንም በራቸው ላይ ተገናኘን። «አሁንም መጣችሁ?» አሉን ድምፃችንን ሰምተው፤ ገብተን መሬት ላይ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ መሄዳችንን አላቋረጥንም።

ዛሬ ሐያት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ፈረቃ ትመራለች፤ ማርታ አስተማሪ ናት፤ እኔ ከዚራ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። የአብዛኞቹን ተረቶች ፍጻሜ ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት፣ ሁሉም ሰው እንድንታረም በሚጠብቅብን በዚያ ዕድሜያችን አሮጊቷ ሲስተር አስቀድመው ጨዋ ሁኑ ሳይሉን አጠገባቸው ቦታ እንደሰጡን ነው።