በርጫ ላይ የተነበበችው ልጅ

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን እንዲታወቅልኝ ነው። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ፣ ጅማ ውስጥ አንድ ቡና መፈልፈያ ቤት ጆንያ ስሸከም፣ ጆንያው ላይ በጥቁር ቀለም ከታተመው ጽሑፍ ነው። «ጅማ» የሚለውን «ቡና» ከሚለው የለየሁ ቀን ሌላውም እንደማያቅተኝ ገባኝ፤ አላቃተኝምም። ዛሬ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ከእኔ በላይ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። ኪቶ ፉርዲሳ ካለው ካምፓስ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ወሬዬን ሰምቶ መጥቶ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ አብሮኝ ተቀምጦ ሲሰማኝ ዋለና ሲሄድ፣ «አባባ፣ እርስዎ ክፍል ቢገቡ እኮ እኛ ሥራ እናጣለን» አለኝ። እየቀለደ መስሎታል።

ሰዎች «መጽሐፉ አስለቀሰኝ» እያሉ ሲያደንቁ እሰማለሁ። ማስለቀስ ቀላል ነው። ገና በመጀመሪያው ገጽ እናት የሚገድል ደራሲ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለውን እኔ ከድኜ አስቀምጠዋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ መጀመሪያ ያናድዳል። ሰውዬው ወደማይሆን ቦታ ሲሄድ እያየህ «ተመለስ» ልትለው ያምርሃል፣ እሱ ደግሞ አይሰማህም። እኔን መጽሐፍ ሲይዘኝ ጆሮዬ ይግላል። ሚስቴ የምታውቀው በዚያ ነው። ጆሮዬን አይታ ሻይ ታስቀምጥልኛለች እንጂ አታናግረኝም።

የማነበው ለራሴ ብቻ አይደለም። ከዙህር ሶላት በኋላ እስከ አስር ሶላት ሄርማታ አንድ ወዳጄ ቤት በርጫ እንቀመጣለን። ጫታችንን ይዘን፣ ትራስ ተደግፈን፣ እኔ አነባለሁ፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። ወዳጄ ቡና ነጋዴ ነው፤ ከአጋሮ መጥቶ እዚህ ከከተመ ዘመናት ሆኖታል። ሁልጊዜ ከማይቀሩት አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይበልጣል። ሌላው ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩ ሼኽ ናቸው። ሼኹ አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ስለሆነ እኔ አንዱን አንቀጽ በአማርኛ አነብና ወዲያው በኦሮምኛ እደግመዋለሁ። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ የሚያምር ቃል ኦሮምኛ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የነገውን ዛሬ ቤቴ አነበዋለሁ፤ የቱን በምን እንደምለው አስቤ አድራለሁ። በርጫ ላይ ተደናቅፌ አላውቅም። አንድ መስመር ዘልዬም አላውቅም። ለመተንፈስ ዝም ካልኩ ልብስ ሰፊው «ሬዲዮናችን ባትሪ ጨረሰ» ይላል፤ እኔም እቀጥላለሁ።

የማወራላችሁ መጽሐፍ ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ከሚዘረጉት ያገለገሉ መጻሕፍት መካከል ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ርዕሱን ያወቅሁት ከውስጥ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ባላገርና ዓረብ አገር ለሥራ ስለሄደች ልጁ ነው። ሳየው ትንሽ አመነታሁ፤ ምክንያቱም የወዳጄም የመጨረሻ ልጅ እዚያው ነበረች። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ያለፈው ቡና ለቀማ ሳይደርስ ስልኳ ተዘጋ፤ እንደተዘጋ ቀረ። አጋሮ ያሉት ወንድሞቹ «ሰደቃ አውጥተን ታዕዚያ እንቀመጥ፣ ሰው ሞቶ እንዲህ አይተውም» ይሉታል። ሌላው «የላካትን ኤጀንሲ ጠይቅ፣ መንግሥትን ጠይቅ» ይለዋል። እሱ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። «ትደውላለች» ይላል፣ ከዚያ ስለ ቡና ያወራል።

መጽሐፉን አሳይቼው ስለ ምን እንደሆነ ነገርኩት። «ሌላም አለኝ፤ የሚያስቅ ነው» አልኩት።

«ይኼንኑ አንብብ» አለ።

በርጫ የሚከፈተው በሼኹ ዱዓ ነው፤ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለዝናቡ። የመጽሐፏ ልጅ አውሮፕላን በተሳፈረች ማግሥት ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ሲጨርሱ «ያችንም ልጅ አላህ በሰላም ያግባት» አሉ። ሁላችንም አሚን አልን።

ልብስ ሰፊው ብቻ «ሼኽ፣ እቺ እኮ በወረቀት ላይ ነው የሄደችው» አለ።

«ወረቀት ሳይኖራት ማን ያሳፍራታል?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱዓው ሳይደረግላት ውሎ አያውቅም። አሠሪዋ ስልክ ስትከለክላት በርጫው ይቆጣል፤ ለአባቷ ስትደውል ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ወዳጄም በንባብ ሰዓት ሰው ሲመጣ በሩ ላይ አናግሮ የሚመልስ ሆነ። አንድ ቀን ወንድሞቹ ከአጋሮ መጥተው እኛው ፊት ያንኑ የታዕዚያ ነገር አነሱበት። እሱም «እቺ ልጅ ምን እንደምትሆን ልስማና እነግራችኋለሁ» አላቸው።

«የትኛዋ ልጅ?» አለው ታላቁ።

«የመጽሐፏ።»

ወንድሙ እኔን አየኝ፣ መጽሐፉን አየ፣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። አእምሮውን የነካው መስሎት ነው። እኔ ግን ኮራሁ። በእኔ አፍ የተነበበ መጽሐፍ የአንድን ቤተ ዘመድ ጉዳይ ሲያቆም ማየት ለማንም አንባቢ አይደርስም። ሌሊቱን በዚሁ ደስ እያለኝ ተኛሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ መግሪብ ሶላት ሳይደርስ፣ የነገውን ላነብ ተቀመጥኩ። ባላገሩ ልጁ የተመለሰች እንደሆነ ብሎ መናኸሪያ ይሄዳል። ከዓረብ አገር ተመልሳ ከአውቶቡስ የወረደች አንዲት የሰፈር ልጅ ታየዋለች፤ ልትሸሸው ትሞክራለች፣ ከዚያ ትመጣና «አባባ፣ ሞታለች አሉ» ትለዋለች። ሰውዬው አይጮህም፣ አይወድቅም። ልጅቷን ያያትና «ምሳ በልተሻል?» ይላታል። እጇን ይዞ ወስዶ ያበላታል፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ስትበላ ያያል። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ምዕራፍ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል።

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ። እንዲህ ግን ሆኜ አላውቅም። ጆሮዬ አልጋለም፤ ቀዘቀዘ። መነጽሬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ተመልሼ ላጠልቀው አልቻልኩም።

ሚስቴ ሻዩን ይዛ ገባች። «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«የመጽሐፏ ልጅ ናት።»

ሻዩን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ወሬውን ከእኔ ስለምትሰማ ነገሩ ወዲያው ገባት። «ዝለላት» አለች። «አማርኛውን የምታየው አንተ ብቻ ነህ። ተመለሰች በላቸው።»

«ዘልዬ አላውቅም።»

«ለመኩራት ጊዜው አሁን ነው?»

የመኩራት ነገር አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ ብቻ አልነበረም። ተመለሰች ብዬ ባነብ ወዳጄ ያንን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሲጠብቅ ይኖራል። ሞተች ብዬ ባነብ ወንድሞቹን ጠርቶ የገዛ ልጁን ሬሳ ሳያይ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ያውም አንድ የማላውቀው ደራሲ በጻፈው። በሁለቱም በኩል ጣጣ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። በደራሲው ተናደድኩ፤ እንዲህ አድርጎ ስለጻፈ። ቆይቼ ደግሞ ከዚህ በተሻለ ማንም ሊጽፈው እንደማይችል ስላወቅሁ የባሰ ተናደድኩ።

ጠዋት ወዳጄ ቡና ወደሚያደርቅበት ቦታ ሄድኩ። በማድረቂያው አልጋ ላይ ከነገለባው የተሰጣውን ጀንፈል ከሠራተኞቹ ጋር በእጁ እያገላበጠ ነበር። «ዛሬ የሚነበበው ጥሩ አይደለም» አልኩት።

ቀና አላለም። «አትንገረኝ» አለ። «በቦታው እሰማዋለሁ።»

«ልተወው እችላለሁ።»

«ቶሌ» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ሂድ አሁን። ቡናው ላይ ጥላህን አጥልተሃል።»

ከዙህር በኋላ እንደ ሁልጊዜው ተቀመጥን። አነበብኩ። የሰማኝ ሰው ሁሉ እንደዚያን ቀን አንብቤ እንደማላውቅ ይመሰክራል። ድምፄን አላሳዘንኩም፤ እንደተጻፈ ደረቅ አድርጌ ነው ያነበብኩት። «ምሳ በልተሻል?» የሚለውን በኦሮምኛ ስደግመው ብቻ መሐል ላይ ቆምኩ። ልብስ ሰፊው ስለ ባትሪው አልተናገረም። ሁላችንም ወዳጄን እንዳናይ መሬት መሬት እናያለን።

መጀመሪያ የተናገሩት ሼኹ ናቸው። «የነገረችው ልጅ ስትሞት አይታታለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላየችም። ‹ሞታለች አሉ› ነው ያለችው።»

«ማን አላት?»

«አይጽፈውም።»

«እንግዲያ ሞት አልጸናም» አሉ፤ ቃዲ ፊት የቀረበ ጉዳይ አስመሰሉት። «ያየ ምስክር የለም። የሰማችውም አንድ ናት። በዚህ ወራሽ እንኳ አይወርስም፤ አባት እንዴት ለቅሶ ይቀመጣል?»

ልብስ ሰፊው ነፍስ ዘራ። «ዋላሂ እውነት ነው። ምናልባት ሌላ ልጅ ይሆናል የሞተችው። በዚያ አገር የኛ ልጆች ስማቸው ይቀየር የለም እንዴ? ደራሲውም አላጣራም።»

«ደራሲው ምን ያጣራል፣ እሱ ነው የፈጠራት» አልኩት።

«ፈጥሮስ ካላየ?»

ሼኹ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መጽሐፍ ብዙ አይተሃል። ልጅቷ በሕይወት አለች ወይስ የለችም?»

ወዳጄ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሼኹ በሩን ከፍተውልኛል፤ «አልጸናም» ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ መጽሐፉም በቃል አይቃረነኝም። ነገር ግን ደራሲው ምን እንዳለ አውቃለሁ። መጽሐፍን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ከሌለ ደግሞ እውነቱን መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

«የመጽሐፏ ልጅ ሞታለች» አልኩ። «የጻፋት ሰው ገድሏታል፤ ሌላ አትጠብቁ።» ከዚያ ወዳጄን አየሁት። «ያንተን ልጅ ግን ማንም አልጻፋትም። እኔ በርጫ ላይ በማነበው ነገር የምትሞትም የምትድንም አይደለችም።»

እሱ ተነሥቶ ለአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። እኛም ጫታችንን ሰብስበን ተበተንን። ያን ለት ወዳጅ አጣሁ ብዬ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

በማግሥቱ ማለዳ መንደራ ቆጪ ያለው ቤቴ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ወዳጄ ነው። የልጁን ፎቶና የፓስፖርቷን ኮፒ በፌስታል ይዟል። ሳይቀመጥ «ያ ሰውዬ ምሳ አበላት» አለኝ።

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ፣ የት፣ መቼ ብሎ አልጠየቃትም።»

«ያዘነ ሰው ነዋ።»

«ኀዘን አይደለም። ፈርቶ ነው። ብትመልስለትስ? እኔ አውቀዋለሁ ያንን።» ከዚያ ተቀመጠ። «እኔ እጠይቃለሁ። የሚጠየቅበትን ጻፍልኝ።»

ያቺን የምሳ ነገር እኔ የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ አድርጌ ነበር የያዝኳት፤ አሁንም እንደዚያው ናት። ደጋግሜ ሳነባት ያየሁት ደግነቱን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳነባት ሁለቱም ይታየኛል፣ ደግነቱም ፍርሃቱም። ደራሲው ይህን ማሰቡን እጠራጠራለሁ፤ ተጽፎ ግን እዚያው አለ።

ማመልከቻው የሚሄደው አዲስ አበባ ስለሆነ በአማርኛ መሆን አለበት። በዚህ ከተማ ማመልከቻ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እንደኔ ያለ ግን የለም፤ ስለዚህ ጥሩ አድርጌ ጀመርኩት። የአባት አንጀት፣ የደረቀ እንባ፣ ጭር ያለ ቤት፤ ሁሉንም አስገባሁ። በኦሮምኛ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ የመጽሐፉ ሰውዬ ነው» አለኝ። «እኔን ጻፍ።»

ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ቁመቷ ይህን ያህል፣ ግራ ክንዷ ላይ የሙቅ ውኃ ጠባሳ፣ የላካት ኤጀንሲ፣ የአሠሪዋ የቤተሰብ ስም እንደነገረችው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችበት ስልክ፣ ያን ቀን ያለችው። ያለችው «ቡናው እንዴት ነው?» ብቻ ነበር። እሷንም ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኳት። በሕይወት ካለች ያለችበት እንዲነገረኝ፣ ሞታም ከሆነ የተቀበረችበት እንዲነገረኝ የሚለውን ራሱ አስጻፈኝ። ሲናገረው ድምፁ አልተለወጠም፤ እጁ ግን ፌስታሉን አጣጥፎ አጣጥፎ የጣት ያህል አድርጎት ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ለወንድሞቹ ታዕዚያ የለም፣ መጀመሪያ እጠይቃለሁ አላቸው፤ ታላቁ አብሮት ሄደ። ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ማመልከቻውን ተቀብለውታል፣ ጠብቅ ብለውታል፣ አንድ ዘመድ ቤት አርፏል።

«የት ደረሳችሁ?» አለኝ።

«የት?»

«መጽሐፉን።»

«አላነበብንም። ሼኹ አንተ ሳትመጣ አይነበብም ብለዋል።»

«ቶሌ» አለ። «አንድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ እዚህ አለ፣ ስለ መጽሐፉ ነግሬው መጨረሻውን ንገረኝ ይለኛል። እኔም አላውቀውም አልኩት።»

መጨረሻውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልብስ ሰፊው በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ አልነግረውም። ወዳጄ እስኪመለስ የሚያስቀውን መጽሐፍ ጀምሬላቸዋለሁ።