ሽቦው ያልማለበት አውጫጭኝ

በወጣትነቴ ከሚሴ ውስጥ እኛ ሠፈር መብራት የነበረው ወፍጮ ቤቱና ከመንገድ ማዶ ያለው የባለወፍጮው ቤት ብቻ ነበር። ሰውየው ማምሻውን ሞተሩን ያስነሣና በዘረጋው ሽቦ መብራቱን ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሽቦው አልደርስ ቢለው መሀል ላይ ሌላ ቁራጭ በእጁ ጠምዝዞ ቀጥሎ በጨርቅ አስሮት ነበር። እኛም ከመጋጠሚያው ሥር የማሽላ አገዳችንን እንከምራለን፤ የዓመት የከብት መኖ፣ የዓመት ማገዶ ነው።

አንድ በጋ፣ ከጨፋ ሸለቆ ነፋስ በተነሣበት ማምሻ፣ ክምሩ በሙሉ ነደደ። ጎረቤቴ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከእኔ ቤት በገል ፍም ጭራ በዚያ በኩል ያለፈችው ያኔ ነበር።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛ ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ ዛፍ ሥር ይቀመጥና አንድ በአንድ እየተነሣ ያየውን ይናገራል፣ ያላደረገውን ይምላል። ሁሉም ማለ። እሷም «ወላሂ፣ ፍሜን አመድ አልብሼ ነው ያለፍኩ» አለች። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላው ሁሉ እጁ ባዶ ነበር፣ እሳት የያዘችው እሷ ናት አሉ። እሳትም ውሃም እንዳይሰጣት ፈረዱ። የሦስት ልጆች እናት!

ተነሣሁ።

«አንድ ያልማለ አለ።»

«ማን ቀረ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ሽቦው።»

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ባለወፍጮው «ፊደል የቆጠረች ሁሉ መካኒክ ሆነች! በሉ ቁርኣን አምጡና ሽቦውን አስምሉት» አለ።

«እርስዎ ስለ ራስዎ እንጂ ስለ ሽቦዎ አልማሉም» አልኩት።

ሽቦውን መጥታችሁ እዩ እያልኩ ሦስት ቀን ሽማግሌዎቹን ደጅ ጠናሁ። ለጎረቤቴ ውሃ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ተሸክሜ አስገባሁላት። እሳቱን ግን አልቀበልም አለች፤ እኔም እንዳልገለል ፈርታ ነው። ልጆቿ ጥሬ ሲቆረጥሙ ከደጄ ይሰማኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማምሻውን ነፋስ ሲነሣ ትልቁን ሽማግሌ ጎትቼ መጋጠሚያው ሥር አቆምኳቸው። ሞተሩ ተነሣ። ሽቦው ሲወዛወዝ ከጨርቁ ውስጥ ፍንጣሪ ረገፈ፤ አንዱ ጋቢያቸው ላይ አርፎ በሳው።

«ኧረ አቃጠለችኝ!» ብለው ዘለሉ።

«እኔ ነኝ ወይስ ሽቦው?»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሄዱ።

በኋላ ከደሴ የመብራት ሥራ የሚያውቅ ሰው መጣ። በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ ሲላላ ይግላል፣ እሳትም ይተፋል አለን። ጫፎቹን ፍቆ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ አሰራቸው። በየዓመቱ በጋ ከመግባቱ በፊት ብሎኑ አለመላላቱ እንዲታይ፣ ከሥሩም አገዳ እንዳይከመር ተናግሮ ሄደ። ያን ማስታወስ የእኔ ዕዳ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ ከባለወፍጮው ጋር ያው ጭቅጭቅ፣ ያው «ዘንድሮ ደግሞ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ይህ ሁሉ የኋላ ነው። ጋቢው በተበሳ ማግስት ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ፍርዱን አነሡና ሰው ልብሱን እያራገፈ መበተን ጀመረ። አንድም ሰው ጎረቤቴን ይቅርታ አልጠየቃትም። እንደማላችሁ ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥታችሁ ይቅርታ ካልጠየቃችኋት አልነሣም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ ሄደ። የዛፉ ጥላ ዞሮ ፀሐይ ጀርባዬን መታኝ።

እሷ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«ተይው እቴ፣ ደክሞኛል። ለልጆቼ ገንፎ ላገንፋ፣ ነይ።»

እኔም ደክሞኝ ነበር። ተነሥቼ ተከተልኳት።