የአባቴ ድስት

ዛሬም ቢሆን ሙቀጫ ሲመታ ከሰማሁ የያዝኩትን ትቼ ወደ በሩ አያለሁ። ሌላው ሰው የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ምሳ ሊደርስ ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር የነበረችው ቆርቆሮ ቤታችን ትመጣብኛለች፤ እናቴም የማድቤቱን በር ዘግታ፣ ሙቀጫውን በጆንያ ጠቅልላ፣ እንደ ሌባ ቀስ እያለች ጨው ስትወቅጥ ትታየኛለች። አቤት ያ ሙቀት! በር ከፍቶ እንኳ ሰው እንደ ቆሎ በሚታመስበት አገር በር ዘግቶ መውቀጥ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። የምትዘጋው አባቴ እንዳይሰማ ነበር፤ እሱ ድምፁን ሰምቶ ምራቁን ሲውጥ እሷ እንባዋ ይመጣ ነበርና።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ባሮ ሲሞላ መርከቡ ከሱዳን እየጮኸ ይመጣና ጨው በጆንያ በጆንያ ያራግፍ ነበር፤ ከተማው ሌላ ነገር ቢያጣ ጨው አያጣም ነበር። እናቴ ደግሞ ለጨው ሥርዓት ነበራት። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ጨው ከገባበት ውሃ ያወጣል እያለች፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ብቻ ትጨምር ነበር፤ ሽምብራና ባቄላማ ጨው ቀድሞ ካየ «ይኮራል፣ አይበስልም» ትል ነበር። ከማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆይታ፣ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ስትጨምር እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እናያት ነበር። አባቴ ከሥራ ሲገባ ክዳኑን ገልጦ አሽትቶ፣ «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል!» እያለ ይቀልድ ነበር፤ እሷም በማማሰያው ታባርረው ነበር።

አንድ ዓመት በጋው ሊያልቅ ሲል የአባቴ እግር አበጠ። መጀመሪያ ጫማው እምቢ አለው፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት እምቢ አለው፣ በመጨረሻም ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶት በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ደጋው፣ ወደ ጎሬ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ሰንብቶ ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር፤ ግን እግሩ ወደ እግርነቱ ተመልሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቶ ስናየው በደስታ እልል አልን። ሐኪሙ ለእናቴ የላከው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ልቡ ደክሟል፣ ጨው ከቀመሰ እግሩን ያሳበጠው ውሃ ይመለሳል፣ ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ አይተርፍም። እናቴ ይህን ሰምታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ለእሷ ጨው የሌለው ምግብ የሚሰጠው ለጠላት ነበርና።

አብራው ከጎሬ የመጣችው ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ እትዬ በለጡ ነበረች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበርና «ወንድሜን ላስታምም» ብላ፣ የዓመት በርበሬና የዓመት ሽሮ በገዛ እጇ አዘጋጅታ፣ ጭና መጣች። የእትዬ በለጡ በርበሬ በጎሬ ስሙ የታወቀ ነበር። እኛም ቤት ከዚያ ወዲያ በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት ድስት ይጣድ ጀመር፤ ትልቁ የእኛ፣ ትንሹ የአባቴ። እናቴ ትልቁ ውስጥ ጨው ስትጨምር ትንሹን በክዳን ትሸፍነው ነበር፤ ድንገት ብናኝ እንዳይገባበት ብላ ነው፣ የኔ እናት! የአባቴን ድስት ግን የሚለካ ጨው ስለሌለው ቀምሳው አታውቅም ነበር።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፣ ባሮም ደፈረሰ። የአባቴ እግር እንደገና ያብጥ ጀመር። እናቴ ጧት ጧት አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ትጫነው ነበር፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ፊቷ ይፈታል፣ ሳይሞላ ከቆየ ቀኑን ሙሉ በቤቱ ውስጥ ሰው አይናገርም ነበር። እኔም ከበሩ ሥር ቆሜ ያንን ጉድጓድ እያየሁ፣ «ሙላ፣ በማርያም ሙላ» እል ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ እሱም ተጫነው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እናቴንም ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «እዚህ ቤት ጨው የሚሰጠው ሰው አለ» አላት።

ከዚያች ቃል በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። እናቴ አልሰጠሁም፣ ልጆቹ ከዓይኔ አልራቁም ብላ አሰበችና፣ የቀረችው እትዬ በለጡ ብቻ ሆነች። አክስቴ ሆደ ቡቡ ነበረች፤ ወንድሟ ጉርሻውን እያላመጠ ፊቱን ጨምደድ ሲያደርግ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። እናቴ ጨውን በጨርቅ ቋጥራ በመቀነቷ ታስር ጀመር። አክስቴ ማድቤት ስትገባ እሷም ትገባለች፣ አክስቴ ውሃ ስትሰጠው ብርጭቆውን ታያለች። አንድ ቀን እትዬ በለጡ ቋጠሮውን አየችና ፈነዳች።

«ሙሽሪት፣ ጨው ከኔ ነው የምትደብቂው?»

እናቴን ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ የምትጠራት «ሙሽሪት» ብላ ነበር። እናቴም አላረፈችም፤ «እትዬ፣ አንጀትዎ እንደማይችል አውቃለሁ። ግን እያዘኑ ሊገድሉት ነው» አለቻት።

«እኔ? የእናቴን ልጅ? ይልቅ ድስቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ አላስችል ብሎሽ ጣል ታደርጊበታለሽ፣ በኔ ታላክኪያለሽ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እትዬ በለጡ ከእኛ ማዕድ መቅረብ ትታ ጥግ ላይ ለብቻዋ ትበላ ነበር። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል፣ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም ነበር። ያ ዝምታው እኔን ከጭቅጭቁ የበለጠ ያስፈራኝ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ መጣ። አባቴን «በሽተኛ አይጾምም» ብለው ቢለምኑት፣ «ልሞት ከሆነ ጾሜን ልሙት» ብሎ እምቢ አለ። በየቀኑ ሽሮ ሆነ፤ ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ሽሮ። እናቴም ከሰዓት በኋላ ድረስ እህል ውሃ ስለማትቀምስ፣ ወጡን ሳትቀምስ በእጇ ልክ ታወጣው ነበር። ዓሣ የምታመጣልን ጎረቤታችን አርየት፣ የአኙዋክ ሴት፣ ሊፈሰክ ቀኑ እንዳልደረሰ እያወቀች እንኳ ደጃፋችን ላይ ትቆምና፣ «ይሄ ዓሣ አሁን ከውሃ ወጣ። እሱ ይብላ። እግዜር አይቆጣም» ትለን ነበር። አባቴ ግን አልበላም። እብጠቱ ጉልበቱን አለፈ፤ ተቀምጦ ያድር ጀመር፤ እናቴ ጧት ጧት የምትጫነው ጉድጓድ ጸሎቷን ጨርሳ ስትመለስ እንኳ ሳይሞላ ይጠብቃት ነበር።

አንድ ጧት፣ ሲያወርድ ሰንብቶ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል፣ እናቴ ማድቤት ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። በክረምት እዚያ አገር ሁሉ ነገር ይረጥባል፤ ጨውማ የባሰበት ነው። በመቀነቷ የቋጠረችው ጨው ጨርቁን አርሶ፣ ቀሚሷ ላይ የውሃ ክብ አውጥቶ ነበር። እየተነጫነጨች ፈታችው፣ ቀጥላም የበርበሬውን ጣሳ ከፈተች። በርበሬው ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ተጓጉሎ እንደ ጭቃ ሆኗል። «ምነው ዝናቡ እዚህም ገባ?» አለች። ጎኑ የነበረውን የሚጥሚጣ ጣሳ ከፈተች፤ ከገበያ ፍሬውን ገዝታ ራሷ የወቀጠችው፣ ምንም ያልተጨመረበት ሚጥሚጣ ነበር። ደረቅ ነው። ስትነካው አቧራው ተነሥቶ አስነጠሰን።

እናቴ በአንድ እጇ እርጥቡን ጨው፣ በሌላው እርጥቡን በርበሬ ይዛ ቆመች። አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ከዚያ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ የማትቀምሰው እናቴ፣ በፍልሰታ፣ በጧት፣ በርበሬውን ምላሷ ላይ አደረገችው። እኔ ደነገጥኩ። ሽሮውንም ቆንጥራ ቀመሰች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ በለጡ!» ብላ ጮኸች፤ ከተጣሉ ወዲህ ስሟን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። አክስቴ አባቴ የሞተ መስሏት ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል?»

«እንዴ! ጨው የሌለው በርበሬ የት አገር አለ? ሽሮውስ ቢሆን! ያውም ቆላ ነው፣ እንዳይበላሽባችሁ ብዬ ደህና አድርጌ…» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ሁለቱም ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ። እትዬ በለጡ ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድሜን! በገዛ እጄ!» ስትል እናቴ እጇን ያዘቻትና፣ «እትዬ፣ እኔስ? ከልጅነቴ ጀምሮ በርበሬ ሳዘጋጅ ጨው በእፍኝ የምጨምር እኔ አይደለሁም? ማን ትዝ አለው?» አለቻት። እውነቷን ነበር። በዚያ ቤት ያለች ሴት ሁሉ፣ እኔ ልጅቱ እንኳ ሳልቀር፣ በርበሬና ሽሮ ጨው እንዳላቸው እናውቅ ነበር። ጨው ሲባል ግን የሚታየን ከመቀነቷ ያለው ብቻ ነበር።

ተያይዘው ወደ አባቴ ገቡ፤ እናቴ እያለቀሰች ነገረችው። አባቴ ግን አልደነገጠም። ትራሱን ተደግፎ ቀና አለና፣ «ጨው እንዳለውማ አውቅ ነበር» አለ።

«ምን አሉ?»

«የሆስፒታሉን ቅቅል ስበላ ከርሜ የመጣሁ ሰው፣ ጨው ይጠፋኛል? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። አንቺ አላስችል ብሎሽ የጨመርሽልኝ መሰለኝ። ብናገር ታፍሪያለሽ ብዬ… ካንቺ እጅ የመጣ ነው ብዬ በላሁት።»

እናቴ አባቴን በሕይወቷ ሙሉ «እርስዎ» ብላ ነው የኖረችው። ያን ቀን ግን ደረቱን በሁለት እጇ እየደበደበች፣ «አንተ! አንተ ሰውዬ! ብትሞትስ? ብትሞትብኝስ ኖሮ?» አለችው። እሱም እየሳቀ፣ ሳቁ ትንፋሽ እያሳጠረው፣ እጇን ያዘ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ ያለቀስኩትን ለቅሶ እስካሁን አልቅሼ አላውቅም።

በርበሬውና ሽሮው ለጎረቤት ታደለ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምድጃ ላይ፣ ባዶ እጃቸውን፣ ምግብ መሥራት እንደ አዲስ ይማሩ ጀመር፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አብዝተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ቃሪያ ሰንጥቀው። ጾሙ ሲፈታ የአርየት ዓሣ በሎሚ ገባ፤ አባቴም አጥንቱን እየለቀመ በላ። ትልቁ ድስት ቀረ፣ ሁላችንም ከአባቴ ድስት እንበላ ጀመር፤ እትዬ በለጡም ከጥጓ ተነሥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። እብጠቱ ቀስ እያለ ወረደ። መስከረም ገብቶ ባሮ ዳር ሣሩ ሲያብብ፣ እናቴ አውራ ጣቷን ተጭና አነሳችው፤ ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። ደግማ ተጫነችው፣ አሁንም ተመለሰ። አባቴ እኔን ለባል ድሮ፣ የመጀመሪያ ልጄን አቅፎ ነው የሞተው።

ዛሬ ጨው ተፈጭቶ በላስቲክ ይሸጣል፣ በርበሬውም ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ጨው የሚወቅጥ የለም፣ በር የሚዘጋም የለም። እኔ ግን ባለሱቁ ፊት ቆንጥሬ ካልቀመስኩ አልገዛም፤ እሱም፣ «እማማ፣ ጨው ከሌለውማ ምኑን በርበሬ ሆነ!» ብሎ ይስቅብኛል። በልጅነቴ ቤት የሚዋደዱ ሰዎች ፊት ለፊት አይነጋገሩም ነበር፤ አንዱ ለሌላው እየተሳቀቀ፣ አንዱ ሌላውን እየጠረጠረ፣ አባቴን ልንቀብረው ትንሽ ቀርቶን ነበር። በኔ ቤት ማዕድ ላይ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው አልወድም። ትንሿ የልጅ ልጄ አንዳንዴ ጉርሻዋን ትተፋና፣ እንግዳ እንኳ ቢኖር፣ «አያቴ፣ ይሄ እኮ ጨው ብቻ ነው!» ትለኛለች። እናቷ፣ «ነውር ነው!» ብላ ትቆጣታለች። እኔ ግን ብድግ ብዬ ግንባሯን እስማታለሁ።